ዝናብ ነው አልኋቸው

ሐምሌ ፫ ቀን ፲፱፻፵፪ ዓ.ም.

ይህን ደብተር ባሌ ክንዱ ነው ከአራዳ ገበያ የገዛልኝ። «የቀለም አፈላልሽን ጻፊበት፤ አምና የቀዩን ቀለም፥ የመቅመቆውን ልክ ረስተሽ ስንት ድር አበላሸሽ» ብሎ። እኔ ረሳሁ! ድሩን ሳይደርቅ የጠቀለለው ማን ሆነና ነው። ወንድ እንዲህ ነው፤ አጥፍቶም መካሪ።

የቀለሙን ነገር እጽፍበታለሁ ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ሰማዩ ጠቁሮ ሥራ አላስያዝ ስላለኝ ሌላ ልጽፍ ነው። ክንዱ የበግ ጠጉር ሊገዛ ወደ መካነ ብርሃን ከሄደ ሰነበተ። ሸማኔ ጠጉር ሲያልቅበት ለቤት አይመችም፤ ሲንጎራደድ እግር እግሬ ሥር ሲገባ ሂድልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እሱማ «ሰማዩ አላማረኝም፤ ከመስከረም በኋላ ይሁን» ብሎ ነበር። «አንተ ሰማይ የሚያምርህ ጠላ ቤት ስትቀመጥ ነው» አልሁት። ሳቀና ወጣ።

አያ በላቸው አብሮት አለ። ያን አገር እንደ ጓሮው የሚያውቅ ነጋዴ ነው። ምን ይሆናል።

ሐምሌ ፰፥ ቅዳሜ

ከገበያ አሁን ገባሁ፤ ርሻለሁ። ባጭሩ፦

አያ በላቸውን አራዳ አየሁት። ተመልሷል! «አያ በላቸው!» ብዬ ብጣራ ዘወር ብሎ አየኝና ጨርቅ ሱቅ ገባ። ተከተልሁት። ሱቁ የኋላ በር የለው፤ ምን ይሁን፥ ቆመ።

«ክንዱስ?»

«ክንዱ... ደኅና ነው። ሸጋ ጠጉር አገኘና፥ በጎቹ እስኪሸለቱ ብሎ ቀረ።»

«በሐምሌ ዝናብ በግ የሚሸልት ማን ነው?»

«አገሩ ደጋ ነው እንግዲህ» አለና የሻሽ ዋጋ ይጠይቅ ጀመር። ሚስት የሌለው ሰው ሻሽ ምን ይሠራለታል?

ሐምሌ ፲፪

ሰዉ ምን ነክቶታል?

አማቴ ወይዘሮ ሸዋአየሁ የገብስ ዱቄት ይዘው መጡ። ሰባት ዓመት ምራታቸው ስሆን እጃቸው ወደ እኔ ሲዘረጋ ያየሁት ለወቀሳ ብቻ ነው። «ፊደል የቆጠረች ሴት ቀለሟ እንጂ ወጧ አይጣፍጥም» ያሉትን የቁስቋም ሰፈር ሁሉ ሰምቶታል። የመሪጌታ ልጅ ለሸማኔ ልጃቸው መዳሯ እሳቸውንም አባቴንም እኩል ነው ያስከፋቸው፤ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ኋላ ላይ ትቶት ነበር፤ እሳቸው አልተዉትም። ዛሬ ታዲያ ዱቄቱን አስቀምጠው ጸጉሬን ዳበስ አደረጉኝና «ብይ፤ ከስተሻል» አሉ። እኔ ከሳሁ? መቀነቴ እንኳ አልሰፋኝም።

ጎረቤቴ አባይነሽ ደግሞ ከፋሲካ በፊት የተዋሰችውን ወንፊት መለሰች። ሳልጠይቃት! ጉድ በል ጎንደር! ወንፊቱ ላይ ደግሞ እንቁላል አድርጋበታለች። በረቡዕ ጾም እንቁላል ምን ላደርገው ብላ እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ ደግ የሚሆነው ወይ ሲድር ነው፥ ወይ ደግሞ... ኧረ ተይው።

ሐምሌ ፲፭

አማቴ ነጭ ልብስ በነጠላ ቋጥረው መጡ። ደምቢያ የምትኖር የሩቅ አክስታቸው ሞታለችና ከል ይግባልኝ አሉ።

ከል ነካሪዋ እኔ ነኝ። በዚህ ሰፈር ሐዘንተኛ የለበሰው ጥቁር ሁሉ ከእኔ ጋን የወጣ ነው። የዶቅማ ልጥ አፈላለሁ፤ ልብሱን እነክራለሁ፤ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ቀብሬ አሳድረዋለሁ፤ አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ደግሞ እንደገና። ፀሐይ ያላየ ከል አይጠቁርም፥ አመድ መስሎ ይቀራል።

ለሩቅ ዘመድ የሚጠቁረው ነጠላ ብቻ ነው። እሳቸው ያመጡት ግን ቀሚሳቸውን፥ ነጠላቸውን፥ መቀነታቸውን ሳይቀር ነው። እስከ መቀነት ከል የሚገባው ለልጅ ነው። እንግዲህ አክስቲቱን አብዝተው ይወዷት ነበር ማለት ነው። ነፍስ ይማር ለማለት እንዲመቸኝ ስሟን ብጠይቃቸው ጥቂት አሰቡ።

«ሌላ ነካሪ ዘንድ ብወስደው ሰው ምን ይላል? ምራቷ እያለችላት ይላል» አሉኝ። ምነው ወደ እኔ አመጡት ብዬ አልጠየቅኋቸውም እኮ።

ልብሱን ሣጥኑ ላይ አስቀመጥሁት። ነገ እሑድ ነው። ከነገ ወዲያ እንጀምራለን።

ሐምሌ ፲፯

ዕረፍት!

ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ለራሴ ሰጠሁ። ከንጋት ጀምሮ ሰማዩ ተቀዷል። በግቢው መካከል ጎርፍ ይሄዳል፤ የፈረሰው የእቴጌይቱ ግንብ በመስኮቶቹ ውኃ ያፈስሳል። ጉልቻው ዋኝቷል፥ እንጨቱ ርሷል። በዚህ ቀን እሳት አነድዳለሁ ያለች ነካሪ እብድ ናት። «በቃ፥ ዛሬ ሥራ የለም» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርሁ፤ የሰማኝ ድመቱ ብቻ ነው።

እንዴት ይጥማል! ፀሐይ ብትወጣ የምትታየኝ እኮ የተሰጣ ድር ሆና ነው። ዛሬ ግን እንደ ባላባት ሚስት ተኝቼ አረፈድሁ። እጄን በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። የጥፍሬ ሥር ዛሬም ቀይ ነው፤ ቀብር ይዤው እወርዳለሁ መሰለኝ። ሽምብራ ቆላሁ። ከዳዊቱ አንድ ንጉሥ፥ ዐሥሩን መዝሙር ደገምሁ፥ ግማሹን በቃሌ። ጣሪያው ሁለት ቦታ ያፈስሳል፤ ድስት ደቅኜበት ጠብ ጠብ ሲል እሰማለሁ። ክንዱ ቢኖር ኖሮ «ነገ እከድነዋለሁ» ይል ነበር። ነገ የሚለውን ቃል እንደ እሱ የሚወድ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ አባይነሽ ጆንያ ደርባ እየሮጠች መጣች። ሥራ የለኝም፥ ጸጉሬን ሥሪኝ አልኋት።

«አሁን መሠራቱ ምን ያደርግልሻል...» አለችና አፏን ያዘች።

«ምነው? ባሌ ሲመጣ ተንጨፍርሬ ይየኝ?»

 ከኋላዬ ተቀምጣ ትሠራኝ ጀመር። እኔ ወሬ በወሬ ሆኛለሁ፤ ቀኑን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅማ። «ክንዱ ይህን ሹሩባ ካየ ሌላ ሴት ቤት የገባ መስሎት ይቅርታ ጠይቆ ይወጣል» አልሁ። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። አንገቴ ላይ ጠብ አለብኝ፤ ሞቅ ያለ ነው። ደግሞ ጠብ አለ። ጣሪያው እዚያ ጋ አያፈስም።

«ጉንፋን ይዞኛል» አለች።

ስትወጣ አማቴ አጥሩ ጥግ ቆመው ነበር። ዝናብ ድምፅ ይሸፍናል ያለ ሰው ተሳስቷል።

«ጀመረችው?»

«ዛሬ ዝናብ ነው፥ ዕረፍት ነኝ አለች። ደስ ብሏት... ደስ ብሏታል እኮ እማማ! አልቻልሁም እኔስ!»

«ተያት። አንድ ቀን እንኳ ትረፍ። ኋላ አይቀርላት።»

ስለ ሥራው ብዛት ይሆናል።

ሐምሌ ፲፰

ዝናብ። ሥራ የለም።

ሐምሌ ፲፱

ገብርኤል። ተስዬ መጣሁ። ዝናብ።

ሐምሌ ፳፪

ዛሬም ሥራ የለም፤ ዝናብ ነው።

አባይነሽ እርጥበት የነካውን በርበሬዋን ጓሮዋ አስጥታ ዋለች፤ ሲደርቅ ሽታው እዚህ ድረስ አስነጠሰኝ። ለእሷ አይዘንብ ይሆናል። አማቴ በደጄ ሲያልፉ ቆም ብለው ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«ዝናብ ነው» አልኋቸው።

«እሺ ልጄ» አሉ። ሰባት ዓመት ልጄ ብለውኝ አያውቁም። ምነው ዛሬ? ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ ፳፬

ልብሱን አጠብሁት። ከል ከመግባቱ በፊት መታጠብ አለበትና። በእንዶድ አሽቼ፥ ወንዝ ወርጄ አለቅልቄ፥ ቁጥቋጦ ላይ አሰጣሁት። ቀሚሱም ነጠላውም መቀነቱም በግማሽ ቀን ድርቅ ብሎ ነጣ። ገና አልጠዳም ብዬ ደግሞ አጠብሁት።

አያ በላቸውን ወንዙ መሻገሪያ ላይ አየሁት። ፊት ለፊት እየመጣ ነበር፤ ጫማውን አውልቆ በጥልቁ በኩል ተሻገረ። ሰው እኔን ለመሸሽ ወንዝ ይገባል።

ከመስከረም በኋላ ብሎኝ ነበር እኮ። ምን አጣደፈኝ? ጠጉሩ ይሸሻል? በጉ ይሰደዳል? ይህ ምላሴ!

ሐምሌ ፳፮

የንስሐ አባቴ አባ ወልደኢየሱስ መጡ። መስቀል ተሳልሜ አስቀመጥኋቸው።

«ሥራ አቆምሽ አሉ።»

«ዝናቡ ነው፥ አባ።»

ጃንጥላቸውን በሩ ጥግ አቁመውታል፤ ደረቅ ነው። እሳቸውም አዩት፥ እኔም አየሁት። 

«ልጄ፥ ኢዮብ ምን አለ? እግዚአብሔር ወሀበ...» ብለው ጀመሩ።

«ሽምብራ ይቅመሱ አባ፤ አሁን ነው የቆላሁት» ብዬ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አስቀመጥሁ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ከ«ሰጠ» በኋላ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። እንዲጨርሱት አልፈለግሁም። ሽምብራውን ሲቆረጥሙ ጥርስ እንደሌላቸው ትዝ አለኝ። ምስኪን፥ እኔን ላለማሳዘን ሁሉንም በሉት።

ነሐሴ ፪

ደክሞኛል። እጄ ጥቁር ነው። በቶሎ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ውኃ ቀድቼ ስመለስ ከጓሮዬ ጭስ ይወጣል። አማቴ ናቸው። ልጤን ከጎታው ሥር አውጥተው፥ እሳት አንድደው አፍልተውታል። እንደ በረዶ ያነጣሁትን ቀሚስ በእጃቸው ይዘው ጋኑ ላይ አጎንብሰዋል።

እንስራዬን ጣልሁት። ሮጬ ጋኑን በሁለት እጄ ገፋሁትና ገለበጥሁት። ፍሉ ቀለም ግቢውን ሞላው፤ እግዜር ነው እግራችንን ያተረፈ።

«ምነው ልጄ! ምነው!» አሉ። ሊይዙኝ ሲሉ አዳለጣቸው፤ ሳነሣቸው እኔም ወደቅሁ። ሁለታችንም ጥቁሩ ጭቃ ላይ ተቀመጥን። ቀሚሱን ብቻ ወደ ላይ ይዣለሁ፥ እንዳይነካው።

«እኔስ እናት አይደለሁም?» አሉ። «እስከ መቼ አፍኜ ልያዘው? ልጄ...»

አፋቸውን በእጄ ከደንሁት። የአማትን አፍ መያዝ ነውር ነው፤ አውቃለሁ።

«አልሰማሁም እምዬ። ምንም አልነገሩኝም፥ እኔም አልሰማሁም። እንዲህ ያለ ነገር በጓሮ አይነገርም። መርዶ ሽማግሌ ባለበት፥ በንጋት፥ በደጅ ነው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ሳነሣ አፋቸው ዙሪያ አምስት ጣቴ በጥቁር ታትሟል። በሎሚ አሸሁላቸው፤ አልለቅ አለ። የእኔ ቀለም መች ይለቃል።

ቀሚሱን ይዘው ሄዱ። ነጠላውና መቀነቱም አብረው ሄዱ። ነጭ እንደ ሆኑ።

ነሐሴ ፯፥ እሑድ

ከቅዳሴ ስንወጣ ከዋርካው ሥር ቆመው ይማከሩ ነበር። አባ ወልደኢየሱስ፥ አያ በላቸው፥ አማቴ። ሳልፍ ዝም አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ነጠላዬን የማስተካክል መስዬ ግንቡ ጀርባ ቆምሁ።

«ከዚህ በላይ ማቆየት ኃጢአት ነው» አሉ አባ። «ነገ ንጋት።»

«ከሉስ?» አለ አያ በላቸው።

«በነጭም ቢሆን» አሉ አማቴ። «እሷ ስለማትነክረው ልጄ ሳይለቀስለት ይቅር?»

ነገ ንጋት አሉ። ይምጡ። በሬን አልከፍትም። ያልተነገረኝ ነገር አልሆነም።

ነሐሴ ፰

 ፊደሉ ቢጣመም ማን ይፈርድብኛል።

ዶሮ ሲጮህ ተነሥቼ ተቀመጥሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ የእውነቱን ዝናብ። ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። መጡ አልሁ። ሄጄ በጀርባዬ በሩን ደግፌ ቆምሁ። ደግሞ ተንኳኳ።

«ሰው የለም!» ብዬ ጮኽሁ። ከውስጥ ሆኖ ሰው የለም የሚል ጅል ከእኔ በቀር አይገኝም።

«ምነው አንች ሴትዮ፥ በዝናብ ልታስጨርሽኝ ነው?»

የክንዱን ድምፅ ይመስላል። ግን አልከፈትሁም። ሰው የሚፈልገውን ድምፅ ይሰማል፤ ያበደች ሴት ደግሞ አብዝታ ትሰማለች።

«ማን ነህ?»

«ማን ልሁን፥ ባልሽ ነኛ! ወይስ ሌላ አስገብተሻል?»

ይህን የሚል ክንዱ ብቻ ነው። የበሩን መወርወሪያ እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም። የሣር ገሣ ለብሶ፥ ጢሙ ደረቱ ደርሶ፥ አንድ እግሩ በእንጨት ታስሮ፥ የሰው በቅሎ ልጓም ይዞ ቆሟል። እኔ ምን ብለው ጥሩ ነው? «ጠጉሩስ?» አልሁት። ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ!

«የበለገስ ወንዝ ወሰደው። እኔንም ሊወስድ ነበር» አለ።

«እሰይ! ይውሰደው! ይብላው!» አልሁና አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስሁ። ሞቷል ብዬ ነበር። ይኸው ጻፍሁት፤ ሞቷል ብዬ ነበር። መቀነቱን ያየሁ ቀን አውቄዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እንጀራ በአፌ አልጣመኝም፥ እንቅልፍም አልወሰደኝም። ነገር ግን ያን ልብስ ጋን ውስጥ ብጨምረው በገዛ እጄ የምቀብረው መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሻገሩ ውኃው ክንዱን ከነሸክሙ ጠራረገው። አያ በላቸው በዚህኛው ዳር ወርዶ ቢፈልግ ዛፍ የያዘው ጋቢውን ብቻ አገኘ። ክንዱን ግን ውኃው በዚያኛው ዳር ተፍቶታል፥ እግሩን ሰብሮ። ዳኛው የሚባል ገበሬ አንሥቶ ቤቱ አስገባው፤ እግሩን አስሮ፥ ገብስ አብልቶ አስተኛው። ወንዙ ሞልቶ መልእክተኛ የሚያሻግር አልሆነም። በመጨረሻ የዳኛውን በቅሎ ተውሶ በላይ በኩል ዞሮ መጣ። ዳኛው እግዜር ይስጠው። የሚለብሰውን ጋቢ እኔ ራሴ ጥለቱን ነክሬ እሰድለታለሁ።

ደጃፉ መደብ ላይ አስቀምጬው እግሩን ሳነሣለት እነሱ መጡ። በዝናቡ ተሰልፈው፥ አንገታቸውን ደፍተው። አባ ወልደኢየሱስ ከፊት፥ አያ በላቸው ጋቢውን ታቅፎ፥ አባይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፥ ሌሎችም። አማቴ ከኋላ፥ ከላይ እስከ ታች ነጭ በነጭ። የጣቴ ጥቁር ገና አፋቸው ላይ ነው።

ክንዱ ቀና አለና «እንደምን አደራችሁ? ማን ሞቶ ነው?» አላቸው።

አያ በላቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። አባ «ስብሐት ለእግዚአብሔር» ብለው ሦስት ጊዜ አማተቡ። አባይነሽ እልል አለች። እልልታዋ በዝናቡ ዋይታ የመሰለው ጎረቤት መርዶው ተነገረ ብሎ ደረቱን እየደቃ እየጮኸ ደረሰ፤ ሟቹን መደብ ላይ ሲያየው ግማሹ እልልታ ግማሹ ለቅሶ ሆነ። አያ በላቸው «ጋቢህ ይኸው፥ ደርቋል» ይለዋል፤ ክንዱ በሳቅ እግሩን እያመመው «ተው አታስቀኝ» ይለዋል። እንዲህ ያለ ለቅሶ ታይቶ አይታወቅም።

አማቴ አልጮኹም። ሕዝቡን ከፍለው መጡና አጠገቡ ተንበረከኩ። ግንባሩን ዳሰሱ፥ ጆሮውን፥ ትከሻውን፥ ጣቶቹን አንድ በአንድ፤ ገና የተወለደ ልጅ ጎዶሎ እንደሌለው እንደሚያዩ። የታሰረውን እግሩን ሳሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ወልጄው ቀበርሁት» አሉ። «አንች አልቀብርም አልሽ።»

  ጉልበታቸውን ልስም ብወርድ በሁለት እጃቸው አንሥተው አቀፉኝ። ልብሳቸው በዝናብ ርሶ፥ ቀዝቅዞ፥ እንዶድ እንዶድ ይሸታል። ሁለታችንም አለቀስን፤ ይህን ያህል ቀን የያዝነውን።

አሁን ቀትር አልፏል። ሰዉ ተበትኗል። ክንዱ ተኝቷል፤ ያንኮራፋል፥ ወፍጮ ቤት ያለሁ ነው የሚመስለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በክርኔ ጎኑን ጎሸም አደርገው ነበር። አማቴ ራስጌው ተቀምጠው ብዕሬ ሲጭር በሰሙ ቁጥር «እሽ፥ እንዳትቀሰቅሽው» ይሉኛል።

ያንኮራፋ። እስከ መስቀል ያንኮራፋ።